ውሃ የዋጣት ከተማ ካርታ

ፅጌ መጽሐፉን ያገኘችው ሐዋሳ፣ ፒያሳ ላይ፣ አንድ ሻጭ አሮጌ መጻሕፍት ሸራ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥበት ጥግ ነው። ሽፋኑ ተልጧል፤ የአንዳንዱን ገጽ ማዕዘን አይጥ ቀምሶታል። ውስጡ ግን ካርታ በካርታ ነበር። ወንዞች፣ ድልድዮች፣ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠሉ መንደሮች፣ መንገዱ ሁሉ ከነስሙ። ፅጌ ደግሞ ካርታ አይታ ማለፍ አይሆንላትም። ዕድሜዋን በአንድ መሥሪያ ቤት የከተማ ካርታ በእጇ ስትስል ኖራለች። ቢሮው በኮምፒውተር መሳል ከጀመረ ወዲህ ሥራዋ የድሮ ካርታዎችን መጠበቅና ለሚጠይቅ ማውጣት ሆኗል።

ታቦር ሰፈር ያለችው ቤቷ ገብታ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይዛ ስታነበው፣ መጽሐፉ የጨዋታ መምሪያ መሆኑ ገባት። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው አንድ አገር ውስጥ ይገናኛሉ፤ አንዱ ወታደር፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ሐኪም ሆኖ ይኖራል። የአገሩ ስም ዘጠኝ ወንዝ ነው። መጽሐፉ ለዚያ አገር እንግዳ የተጻፈ ነው፤ የትኛው መንገድ ሽፍታ እንዳለበት፣ የትኛው ቅጠል ቁስል እንደሚያሽር፣ ውሃ የት እንደሚጠጣ ይናገራል። ፅጌ ጨዋታውን አልፈለገችም። አገሩን ግን ወደደችው።

ከሁሉም ይበልጥ ሊንዳርን። ሊንዳር ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። ፅጌ ጠዋት ከታቦር በባጃጅ ስትወርድ፣ ጉም ከሐዋሳ ሐይቅ ተነስቶ መንገዱን ሲሸፍነው፣ ከጉሙ ጀርባ የሊንዳር የጋጋሪዎች መንገድ ያለ ይመስላታል። አንዳንዴ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ዓይኗ ተከፍቶ ሳለ ሦስተኛውን ድልድይ ተሻግራ፣ ደወሉ ካለበት ማማ ሥር አረፍ ትልና ሰው ሲጠራት ትነቃለች።

"ወይዘሮ ፅጌ፣ የት ሄደው ነው?" ይሏታል።

"እዚሁ ነኝ" ትላለች።

በሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ የፒያሳ ኢንተርኔት ትንሽ ፈጠን ባለበት ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ወረቀት ልታሳትም የማቴዎስ ኢንተርኔት ቤት ገባች። ማቴዎስ እዚያው ሐዋሳ ተወልዶ ያደገ፣ ከደንበኞቹ ጋር በሲዳምኛም በአማርኛም የሚጫወት ወጣት ነው። መጽሐፉን ከቦርሳዋ ላይ አየና ሳቀ።

"እትዬ ፅጌ፣ ይሄን ከየት አመጡት? ዘጠኝ ወንዝን ይጫወታሉ እንዴ?"

"ኧረ እኔ ምኑን አውቄ። አነበዋለሁ እንጂ።"

"ያነቡታል?" መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገው። "ይሄ እኮ አይጠቅምም። ጨዋታው በየጊዜው ይቀያየራል፤ ሽፍታው ቦታ ይለውጣል፣ መንገዱ ይዘጋል። ሰው የሚፈልገውን ኢንተርኔት ላይ ነው የሚያየው። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ታትሞ ሳይደርቅ ነው የሚያረጀው።"

"ከተማም ያረጃል" አለች ፅጌ። "ካርታውን ግን አንጥለውም።"

ማቴዎስ ወንበር ሳበላት። "ይምጡ እስቲ። ላስገባዎት።"

"ይገባል እንዴ?"

"በነጻ።"

እንዲህ ሆኖ ፅጌ ዘጠኝ ወንዝ ገባች። ማቴዎስ አረንጓዴ ካባ የለበሰች ሴት መረጠላትና ስሟን ፅጌ ብሎ ጻፈ። ሴትየዋ ሜዳ ላይ ቆማ ነበር፤ ነፋስ ካባዋን ያወዛውዘዋል፤ ሣሩ እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳል። ፅጌ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኮረብታውን አወቀችው። ወንዙንም አወቀችው።

"በቀኝ በኩል ሂድ። የወፍጮውን ጉብታ ስናልፍ ሊንዳር ትታያለች" አለችው።

ጉብታውን አለፉ። ከበታቻቸው ያለው ሐይቅ ብቻ ነበር። ሰፊ፣ ጸጥ ያለ፣ ሰማዩን የያዘ ሐይቅ። ከውሃው መሐል የደወሉ ማማ ጫፍ ብቅ ብሏል።

ማቴዎስ ኢንተርኔት ላይ ፈለገና የሆነውን ነገራት። ከዓመታት በፊት የጨዋታው ባለቤቶች በታሪኩ ውስጥ ጎርፍ አመጡና ሊንዳርን አሰጠሟት። ኢንተርኔት ላይ ስለ ከተማዋ የተጻፉት ገጾችም በሐይቁ ገጾች ተተክተዋል።

"አላልኩዎትም?" ሊል አፉን ከፈተና ፊቷን አይቶ ተወው።

ፅጌ ግን አልቀረችም። በየቅዳሜው እየመጣች፣ አረንጓዴ ካባ ለባሿን ሐይቁ ዳር ታቆማትና ውሃውን ታያለች። ሌሎች ተጫዋቾች በፈረስ ያልፋሉ፤ ማንም አይቆምም። ውሃው ጠራ ሲል ከሥሩ የጣሪያ ጥላ የሚታይ ይመስላታል፤ ይሁን አይሁን ግን አታውቅም።

አንድ ቅዳሜ ዳርቻው ላይ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘች። ግራጫ ካባ የለበሰ ሽማግሌ ነው፤ ከራሱ በላይ ሮርን የሚል ስም ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ ጎን ለጎን ቆሙ። ከዚያ ሽማግሌው በእንግሊዝኛ ጻፈ።

"እዚህ ከተማ እንደነበረ ታውቂያለሽ?"

ፅጌ በማቴዎስ እየታገዘች መለሰች። "አውቃለሁ። ሊንዳር።"

"ኖረሽባታል?"

ምን እንደምትል ጨነቃት። "በመጽሐፍ" ብላ ጻፈች።

ሽማግሌው መጻፍ ጀመረ። ቆይቶ ረጅም ጽሑፍ መጣ፤ ማቴዎስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተረጎመላት። ሰውዬው ከሩቅ ሰሜን፣ በረዶ አገር ነው። እሱና ባለቤቱ ሥራቸው በተለያየ ከተማ ስለነበረ ማታ ማታ የሚገናኙት ሊንዳር ውስጥ ነበር። እሷ እዚያ ትንሽ ቤት ነበራት፤ ከጋጋሪዎች መንገድ ጀርባ፣ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ። ባለቤቱ ሞተች። ከሞተች በኋላ ወደ ቤቱ ልምጣ ሲል ከተማዋን ውሃ ወስዷታል። ቦታው የት ጋ እንደሆነ ጠፍቶበታል። ቦታውን የሚያሳይ አንድ ሥዕል እንኳ አላስቀመጠም።

"መምሪያውን መጽሐፍ አልገዛንም ነበር" ይላል። "ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ ብለን።"

ማቴዎስ አንገቱን ደፋ። ፅጌ መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣችና የሊንዳርን ገጽ ዘረጋች። ጣቷ ራሱ ሄደ፤ የጋጋሪዎች መንገድ፣ ከኋላው ጠባብ መተላለፊያ፣ ከዚያ ትንሽ ክብ፣ ጉድጓዱ። ማስመሪያ ጠየቀች።

"ማማው ከጉድጓዱ ቀጥታ ወደ ሰሜን ነው" አለች። "ጉብታው ላይ ያለው ወፍጮ ደግሞ ቀጥታ ወደ ምዕራብ። ሁለቱም እኮ ከውሃ በላይ አሉ። ማቴ፣ ጀልባ ይገኛል?"

"ይገኛል።"

"ተከተለኝ በለው።"

ማቴዎስ ቀዘፈ፤ ፅጌ ማያ ገጹ ጥግ ያለችውን ኮምፓስ እያየች መራችው። ግራጫው ሽማግሌ በሌላ ጀልባ ከኋላ ይከተላል።

"ወደ ግራ። ትንሽ። በጣም አትሂድ፣ ማማው ሸሸ።"

"አሁንስ?"

"ቀስ በል... ወፍጮው ገና ነው። ወደፊት። ወደፊት።" ድምፅዋ እየቀነሰ ሄደ። "እዚህ ጋ። ቁም።"

ሐይቁ ላይ ከሌላው ውሃ የሚለየው ነገር አልነበረም። ፅጌ ራሷ በጣቶቿ ፊደሎቹን እየፈለገች ጻፈች። "ጉድጓዱ ከሥርህ ነው። ቤቷም።"

የሽማግሌው ጀልባ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ሽማግሌውም ከመቀመጫው ተነሣና ጀልባው ውስጥ ተንበረከከ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ሰዎች ያወራሉ፤ ውጪ ባጃጅ ይጮኻል፤ እነሱ ግን ያ ውሃ ላይ ነበሩ። የጨዋታው ፀሐይ አዘቀዘቀች፤ የወፍጮው ጉብታ ጥላ ረዝሞ ጀልባዎቹን ነካቸው።

"ብቻዬን ልቆይ?" ሲል ጻፈ ሮርን።

ፅጌ ለማቴዎስ በዓይኗ ምልክት ሰጠችው። ወደ ዳር ቀዘፉ። ዳር ሳይደርሱ መብራት ጠፋና ማያ ገጹ ጨለመ። ደንበኞቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ፅጌና ማቴዎስ ግን አልተነሡም፤ መጽሐፉ ከፊታቸው እንደተዘረጋ ነው።

"እኔ አይጠቅምም ብዬ ነበር" አለ ማቴዎስ።

"ለሽፍታው አይጠቅምም ይሆናል" አለች።

መብራቱ እንደማይመጣ ሲታወቅ ተያይዘው ሐይቁ ዳር እስካለው የዓሣ ገበያ፣ እስከ አሞራ ገደል፣ በእግራቸው ሄዱ። ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን እያሰሩ ነበር፤ ቆሮሶ ዓሣ የሚሸጡ ሴቶች ይጣራሉ። ፅጌ ሐይቁን ለረጅም ጊዜ አየች። ውሃው በየዓመቱ ወደ ከተማው እየገፋ ነው ይባላል፤ እሷ በወጣትነቷ የሣለችው የዳርቻ መስመር ዛሬ ውሃ ውስጥ ነው። ይህን ለማቴዎስ ነገረችው።

በቀጣዩ ቅዳሜ የሮርን መልእክት ደርሷቸው አገኙት። በየቀኑ ያንን ቦታ እየሄደ እንደሚያይ ጽፏል። የካርታውን ገጽ ቅጂ ብትልኪልኝ ብሎ ለምኗታል፤ አድራሻውንም አስፍሯል። ማቴዎስ ስካን አድርጎ ወዲያው ሊልከው ተነሣ።

"ቆይ" አለች ፅጌ። "አይጥ የበላውን ገጽ ነው የምትልክለት?"

ያን ሳምንት ከሥራ መልስ የሥዕል ወረቀቷን ታቦር ካለው ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ወጥራ፣ ለብዙ ጊዜ ያልነካቻቸውን የቀለም ብዕሮች አጥባ ሊንዳርን ሣለች። አይጥ የቀመሰውን ማዕዘን ከጎኑ ካለው ካርታ አይታ ሞላችው። ጉድጓዱ ዘንድ ስትደርስ ብዕሯን አቆመች፤ መጽሐፉ ቤቱን አላሳየም። በጣም ትንሽ አራት ማዕዘን ሣለችለት፤ በርም አበጀችለት። ካርታውን ጠቅልላ በፖስታ ቤት ላከችው።

መልሱ ክረምቱ ካለቀ በኋላ መጣ። ካርታው ደርሶታል፤ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ጎረቤቱ አይቶ "ይሄ የት አገር ነው?" ብሎ ጠየቀው፤ እሱም "ድሮ የኖርንበት ነው" አለው።

ማቴዎስ ይህን አንብቦላት ሲጨርስ ፅጌ "አንዴ ድገምልኝ" አለችው። ደገመላት። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፒያሳው ፀሐይ ወጣችና፣ ባጃጅ ሳትይዝ፣ ወደ ቤቷ በዝግታ አቀናች።