ለአንድ ሰው የሚበቃ ሙቅ ውሃ

የሙሪየል ውሃ ማሞቂያ ቦይለር ሐሙስ ጠዋት አንዴ እንደ በሬ አጓርቶ ጸጥ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሏታል፤ ባሏን ኧርነስትን እንኳ ቀብሮ ስድስት ዓመት ሰንብቷል። «ነፍስህን ይማር» አለችውና ካፖርቷን ደርባ ለልጇ ለሂላሪ ደወለች።

እዚህ ላይ ተሳሳተች። ሂላሪ ሌላው ሰው ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ እጅጌዋን የምትሰበስብ ሴት ናት። በማግስቱ ጠዋት ዳረን የሚባል የቧንቧ ሠራተኛ ይዛ ከተፍ አለች፤ ሦስቱም የሙሪየልን ወጥ ቤት ሞልተው ሻይ ይጠጡ ጀመር። በከተማቸው በሃሊፋክስ ሻይ ሳይቀርብለት ብሎን የሚፈታ ሠራተኛ የለም።

«ኮምቢ የሚሉት ቦይለር ነው የሚያስፈልግሽ፣ እማዬ» አለች ሂላሪ። «ውሃ አያጠራቅም። ቧንቧውን ስትከፍቺ ያኔውኑ እያሞቀ ይሰጥሻል። ፎቅ ላይ ያለው የሙቅ ውሃ ታንከር ይውጣልሽ። ለአንድ ሰው ያን ሁሉ ውሃ ማሞቅ ምን የሚሉት ነው?»

«ለአንድ ሰው» የሚለው ቃል የሙሪየልን ጎን ወጋት። ሚያዝያ ላይ ሁለት ሰው ሊሆኑ ነዋ! ወዳጇ ክሊፎርድ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የከተማው ባንድ ውስጥ ትልቁን ጥሩንባ ይነፋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር በረዶ በሚመስል ግድብ ውስጥ ዋኝቶ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ይመጣና፣ የሙሪየል መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በሙቅ ውሃ አንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል። ጠቅልሎ ሊገባ ተስማምተዋል። የቀረው ለሂላሪ መንገር ብቻ ነበር፤ ሙሪየል ግን ከገና ጀምሮ ዛሬ ነገ ስትል አራተኛ ወሯን ይዛለች።

ዳረን ወረቀቱን አወጣ። «ስንት ሰው ይኖራል?»

«አንድ» አለች ሂላሪ።

«ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ሙቅ ውሃ ይጠቀማል?»

«ከማን ጋር ትጠቀማለች!» ብላ ሂላሪ ሳቀች።

ሙሪየል ብስኩቱን ወደ ዳረን ገፋ አደረገችለት። «እስቲ ልጠይቅህ፣ ልጄ። እንበልና… እንግዳ መጥቶ ገንዳ እየሞላ ሳለ፣ እኔ እዚህ ሳህን ባጥብ?»

«በኮምቢ ከሆነ ፉክክር ነው፣ እትዬ። እርስዎ ሲከፍቱ እዚያ ይቀንሳል። ገንዳ ውስጥ ያለው ሰው ይጮኻል።»

«ሳህን እየታጠበ ገንዳ የሚገባው ደግሞ ምን ዓይነት እንግዳ ነው?» አለች ሂላሪ።

ሙሪየል ተነስታ የዳረንን ኩባያ ሞላች።

ዳረን ታንከሩን ሊያይ ወደ ፎቅ ሲወጣ፣ አንድ ነገር ትዝ አላትና ጉልበቷን ረስታ ተከተለችው። አልደረሰችም። የታንከሩን ቁም ሣጥን ከፍቶታል። በዚህ አገር ታንከሩ ያለበት ቁም ሣጥን ሞቃት ስለሆነ ፎጣና ልብስ ማድረቂያ ነው፤ በሙሪየል የሌሊት ልብስ አጠገብ ድንኳን የሚያክሉ ሁለት የወንድ የሱፍ ሙታንታዎች ተንጠልጥለዋል። ዳረን አያቸው፤ እሷን አያት፤ በሩን በቀስታ መለሰው።

«ልጅዎ አታውቅም?» አለ በሹክሹክታ።

«ልነግራት ነው።»

«እኔ የማውቀው ቧንቧ ብቻ ነው፣ እትዬ» አለና ወረደ።

ወጥ ቤት ተመልሶ መለኪያ ባልዲ ከቧንቧው ሥር ደቅኖ አንድ ደቂቃ ለካ። ራሱን ነቀነቀ። «በደቂቃ ሰባት ሊትር ብቻ። ከመንገድ የሚመጣው መስመር የድሮ የእርሳስ ቧንቧ ነው፣ ግፊት የለውም። ኮምቢ እዚህ አይሆንም። ታንከር ያለው ይሻላችኋል።»

ሙሪየል ያን የእርሳስ ቧንቧ ብታገኘው ትስመው ነበር። ታንከሩ ተረፈ፤ እሷም አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ዳነች።

«ችግሩ» አለ ዳረን ጆሮውን እያከከ፣ «ታንከሩንም ከሥሩ ዝገት በልቶታል፣ አዲስ ይፈልጋል። ትንሹ ለአንድ ሰው ይበቃል። ትልቁ…» ብሎ ሻዩን አየ፣ «ትልቁ ለሁለት ነው።»

«ትንሹን ጻፍ» አለች ሂላሪ።

ዳረን አልጻፈም። እስክሪብቶውን እንደያዘ ሙሪየልን ጠበቃት። እሷ ደግሞ ክሊፎርድን እስከ ጉልበቱ ብቻ በሚደርስ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ዛሬ ትንሹን እሺ ካለች ሚያዝያው ግንቦት፣ ግንቦቱም ሌላ ገና እንደሚሆን ገባት። እድሜዋ ሰባ ሁለት ነው።

«ትልቁን» አለች።

«ለምን ሲባል?»

«ክሊፎርድ ገንዳ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቀመጣል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሂላሪ ኩባያዋን አስቀመጠች። «ጥሩንባ የሚነፋው ክሊፎርድ?»

«እሱ። በሚያዝያ ጠቅልሎ ሊገባ ነው። እወደዋለሁ፣ ሂላሪ።»

ዳረን ብድግ አለ። «መኪናዬ ውስጥ የረሳሁት—»

«ተቀመጥ!» አሉት እናትና ልጅ በአንድ አፍ። ተቀመጠ።

«የቧንቧ ሠራተኛ ፊት ነው እንዴ የምሰማው?» የሂላሪ ዓይን እንባ አቀረረ። «ባዳ ነኝ?»

«ብቻችንን ስንሆን ድፍረቱ ይከዳኛል። አባትሽን የረሳሁት እንዳይመስልሽ ፈራሁ።»

ሂላሪ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ማታ ማታ በራት ሰዓት የምደውልልሽ ለምን ይመስልሻል? ብቻሽን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠሽ ስለሚታየኝ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ራቴን በትኩሱ በልቼው አላውቅም፣ እማዬ።»

ሙሪየል የልጇን እጅ ያዘች። ደስታም ሐፍረትም አንድ ላይ ነበር የያዛት።

ሂላሪ ወደ ዳረን ዞረች። «መቼ ትጀምራለህ?»

«ትልቁ ታንከር እስኪመጣ… የዛሬ ሦስት ሳምንት።»

«ሰኞ ጀምር።»

«ሰኞማ እንዴት ይሆናል? ስድስት ቤት ቀጠሮ አለብኝ!»

«እማዬ፣ ሰውየው እድሜው ስንት ነው?»

«ሰባ ስድስት።»

«ሰማህ?» አለችው ሂላሪ። «ሰባ ስድስት። ሰኞ ትጀምራለህ።»