ያመለጠን አሜን

እኔና ባሌ ዳቦ ቤታችንን ከመክፈታችን በፊት ሁሌም ተራ በተራ እንጸልያለን። የምርጫው ዕለት ጠዋት ቀደመኝና፣ «ጌታ ሆይ፣ የኔን ፓርቲ አሸናፊ አድርገው!» አለ።

«አሜን!» አልኩ፣ በልማድ። እኔ እኮ የምመርጠው ሌላውን ነው!

በሳቅ ፈረሰ። «በቃ፣ አንቺም ተስማማሽ!»

ደሜ ፈላ። ተራዬ ሲደርስ ለራሴ ፓርቲ ልጸልይ አፌን ስከፍት፣ አሜን እንዳያመልጠው ከንፈሩን ነክሶ ይጠብቀኛል። ሳቄ መጣ። ንዴቴም በረደ።

«ጌታ ሆይ፣ ማንም ያሸንፍ ማን፣ ድሃውን አይርሳ። የተሸነፈውም ሳያኮርፍ በሰላም ቤቱ ይግባ፤ በተለይ ይሄ ባሌ።»

«አሜን!» አለ ጮክ ብሎ። ወዲያው አፉን ያዘ።

«በቃ፣ አንተም ተስማማህ» አልኩና እጁን ይዤ ወደ ምርጫ ጣቢያው ወሰድኩት።