ሞረድ ያጠፋው ምልክት

ብረት ላይ ጠባሳ ማየት አልወድም። የአባቴ ትምህርት ነው፤ ወለቃ ከሚገኘው ቤታችን የሚወጣ ማረሻም ሆነ ማጭድ የመሮ ጭረት ከታየበት ተመልሶ እሳት ይገባ ነበር። ሰዉ ቡዳ እያለ ቢሸሸንም ሥራችንን የሚነቅፍበት ሰበብ አላገኘም። ይኸው ኩራቴ ነው የሥራ ጓደኛዬን የሻውን ለስቅላት ሊያደርሰው የነበረው።

ጣሊያን ጎንደርን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። እኔና የሻው የምንሠራው አራዳ፣ በጣሊያኖቹ ጋራዥ ነበር። ጋራዡን የሚያዝዘው ካፒቴን አሮጌ ቀይ ማኪና ነበረችው፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በአገሩ ለእሽቅድምድም የተሠራች። አንድ ቀን ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰውን ረጅም ዘንግ አውርደን አጸዳነው። እኔ ሞረድሁት፤ የሻው በአራት ቡሎን መልሶ አሰረው። ከዚያ ወዲህ ማኪናዋ ፍጥነቷ በሰዓት አርባ ኪሎ ሜትር ሲደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

ካፒቴኑ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ መግባት ነበረበት። «ገደል ሊከቱኝ ነው» አለና ቡሎኑን ያሰረውን የሻውን እስር ቤት አስገባው። ወንድሙ ከአርበኞች ጋር በረሃ ገብቷል የሚል ወሬ ስለነበር ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ካፒቴኑ አስጠራኝ። አስተርጓሚው ዋኘው ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጥፋቱን እስከ ማታ ፈልገህ አግኝ ይላል። ካላገኘህ የሻው ነገ ይሰቀላል» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ ፈጠነ፣ እባክህ ቶሎ በል» አለ።

ካፒቴኑ እየነዳ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ወደ ቀሐ ወንዝ ወረድን። አርባ ስንደርስ ወለሉ ከእግሬ ሥር ይንዘፈዘፍ ጀመር፤ በመስታወቱ ከኋላችን የሚታየው መንገድ ሁሉ ተደበላለቀ። እኔም እየተንቀጠቀጥሁ ስለነበር የማኪናዋን ከራሴ ለመለየት ቸገረኝ። በእጄ እያመለከትሁ ማርሽ አስለወጥሁት፤ በሦስተኛም በአራተኛም፣ አርባ ላይ ያው ነው። ፍሪሲዮን አስረገጥሁት፤ ሞተሩ ጋብ አለ፣ መንቀጥቀጡ ግን ቀጠለ። ሞተሩ አይደለም ማለት ነው። ተመልሰን ጎማዎቹን አቀያየርሁ፤ ለውጥ የለም። የቀረው ዘንጉ ነው።

ከሥሯ ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። ዘንጉን በመዶሻ መታ መታ እያደረግሁ አዳመጥሁት፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ቡሎኖቹም ጥብቅ ናቸው። ዓይኔ ዘንጉ ጎማዎቹን ከሚያዞረው የኋለኛ ብረት ጋር በሚጋጠምበት ጠርዝ ላይ አረፈ። ያብረቀርቃል። እዚያ ቦታ ላይ፣ አንዱ በዘንጉ፣ አንዱ በኋለኛው ብረት፣ ሁለት የመሮ ጭረቶች ነበሩ። አስቀያሚ ናቸው ብዬ በሞረድ ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ።

ጭረቶቹ ጠባሳ አልነበሩም፤ የሠራው ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የገጠመበት ምልክት ናቸው። ጭረት ከጭረት ካልተገናኘ ዘንጉ ሚዛኑን ስቶ ይወራጫል። የሻው ምልክቱን ሲያጣ እንደመጣለት አሰረው። እኔ ጅል፣ ለሰው ማጭድ የምሞርድ መስሎኝ!

በአራት ቡሎን አራት አገጣጠም አለ። አንዱ አልሆነም፤ ሦስት ቀረኝ። ፈትቼ አንድ ቀዳዳ አዞርሁና አሰርሁ። ቀሐ ወረድን፤ ባሰባት። ካፒቴኑ ሲጮህ እጁ ሽጉጡ ላይ ነበር። እንደገና ፈታሁ፤ ቡሎኑ ከላቤ የተነሣ ከጣቴ እየሾለከ ሁለት ጊዜ ወደቀ። በሁለተኛው ሙከራ እንደ ጠዋቱ ሆነች። ስንመለስ የየሻው ሚስት እናኑ ጋራዡ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልሁም።

ለሦስተኛው ስንወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፣ አርባ። ወለሉ ዝም አለ። ሃምሳ። መስታወቱ ውስጥ የመንገዱ ዛፎች አንድ በአንድ ተለይተው ታዩኝ። ካፒቴኑ ሳቀ።

ጋራዥ ስንደርስ በዋኘው በኩል «ጥፋቱ ምን ነበር?» አለኝ።

ቀኑን ሙሉ የፈራሁት ይህንኑ ነው። ቡሎን ላልቶ ነበር ብል የሻው ይሰቀላል። ዕቃ ተበልቶ ነው ብል የተበላውን አሳየኝ ይለኛል። ዝም ብልም የሚሰቀለው ያው የሻው ነው።

«የዘንጉን መግጠሚያ ምልክት በሞረድ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልሁ።

ዋኘው አልተረጎመውም። «ምነው አያ ፈጠነ! ሌላ ነገር ልበለው» አለኝ በሹክሹክታ።

«እንዳልሁህ በለው።»

ነገረው። ካፒቴኑ «ለምን?» አለ።

«አስቀያሚ ስለነበር።»

ጎንበስ ብሎ የሚያብረቀርቀውን ብረት ብዙ አየው። እኔ የማኪናዋን በር ይዤ ቆምሁ። በመጨረሻ አጭር ነገር ተናገረ።

«የሻው ይፈታ ይላል» አለ ዋኘው። «አንተ ግን ነገ ሊማሊሞን አብረኸው ትወርዳለህ። ከተንቀጠቀጠች ገደል እወረውርሃለሁ ይላል።»

የሻው ተፈትቶ ሲመጣ መሮና መዶሻ ይዤ ከማኪናዋ ሥር ነበርሁ። ሁለት ጭረት፣ ጥልቅና አስቀያሚ አድርጌ እቆርጥ ነበር።

«ምነው አያ ፈጠነ፣ ሸጋውን ብረት ታቆስለዋለህ?» አለኝ እየሳቀ። «ያዳንኸኝ አንተ ነህ አሉ።»

ለካፒቴኑ የተናገርሁትን ለእሱ ለመናገር የባሰ ፈራሁ። ግን ነገርሁት፤ ስለ ሞረዱም፣ ስለ ነገም።

ሳቁ ጠፋ።  ከዚያ የቡሎን መፍቻውን አንሥቶ አጠገቤ ገብቶ ተኛና አራቱን ቡሎኖች አንድ በአንድ እንደገና አጠበቃቸው።