ለመምህሩ ምን ተብሎ ይለቀስ

አልቃሿ ትርንጎ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ሁለተኛውን ግጥም ስትጥል፣ ከለቀስተኞቹ ሴቶች አንዷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ወተፈች።

«በሩ የማይዘጋ፣ እንግዳ የማይጠላ፣
ከመጣው ሁሉ ጋር ሲስቅ የሚበላ።»

ተቀባዮቹ ግጥሙን ተቀብለው ማስተጋባት ነበረባቸው፤ ድምፃቸው ግን ተበታትኖ ወጣ። አንዳንዶቹ አጎነበሱ። ከወንዶቹ ረድፍ በኩል ሳል የሚመስል፣ ሳል ያልሆነ ድምፅ ተሰማ። ዕለቱ ሣልስት ነው። በጎንደር፣ ከባታ ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው በዚያ ጠባብ ግቢ ለተሰበሰበው ሰው፣ ሟቹን መምህር ተክለ ጊዮርጊስን በሩ አይዘጋም ብሎ ማመስገን ባሕታዊን በጭፈራው እንደ ማመስገን ያለ ነበር። መምህሩ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰ እልፍኙን ከውስጥ ሸጉሮ ከመጻሕፍቱ ጋር ይቀመጣል፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሚስቱ ደጃፍ ላይ ወጥታ «ትምህርት ላይ ነው» ትላለች። ቃሉ ከመለመዱ የተነሣ፣ በመንደሩ ላም ከመስክ ስትዘገይ እንኳ «ትምህርት ላይ ናት» ይባል ጀምሮ ነበር።

ሚስቱ የዓለምወርቅ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በገለባው ላይ ተቀምጣለች። የታፈነውን ሳቅ ሰምታዋለች። አላፈረችም፤ አልተቆጣችምም። ድካም ብቻ ተሰማት፤ ከሦስት ቀን ለቅሶ የሚበልጥ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ድካም።

ስሕተቱ የትርንጎ ብቻ አልነበረም። የሟቹ ታላቅ ወንድም ማሩ መርዶው ሲደርሰው አልቃሿን ከአገሩ ከትክል ድንጋይ በበቅሎ አስከትሎ መጣ፤ በመንገድም ከሐዘኑ የተነሣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሟቹን በዓይኗ አይታው የማታውቀው ትርንጎ ለደግ ሰው ሁሉ የሚባለውን አለች።

በማግሥቱ ለቅሶ ደራሽ ሳይበዛ ትርንጎ ወደ የዓለምወርቅ ተጠግታ ተቀመጠች። ረጅም፣ ደረቅ፣ ጥርሰ ፍንጭት ሴት ናት።

«የኔ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ሳስለቅስ እንደ ትናንት ተስቆብኝ አያውቅም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የሚለቀስለት ወንድ ከሦስት አንዱን አድርጓል። ወይ ገድሏል፣ ወይ አብልቷል፣ ወይ ወልዷል። ያንቺው ምን አደረገ?»

«ተማረ።»

«ከተማረ በኋላስ?»

«ደግሞ ተማረ።»

ትርንጎ ጥቂት አሰበች። «ምነው፣ ይኸ ነገር ዳር የለውም?»

የዓለምወርቅ ከተቀመጠች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ወደ ፈገግታ ተጠጋ፤ ወዲያውም ተመለሰ። ትርንጎ ልማዷን አስረዳቻት። በሰባተኛው ቀን ለቅሶ መካከል ላይ ቆም ትላለች፤ ያን ጊዜ የሟቹ ሚስት አንድ ቃል ትጥልላታለች። ያን ቃል አንሥታ ከስሙ ጋር ታስረዋለች። ሰው ከለቅሶ ቤት ይዞት የሚሄደው፣ በገበያና በመንገድ የሚደጋገመው፣ ሌላው ሁሉ ሲረሳ የሚቀረው ያ ቃል ነው።

«ግጥሙን እኔ አበጃለሁ። እውነቱን አንቺ ስጪኝ። ሸጋ ነገር ከሰው አይጠፋም፤ እስከ ሰባቱ ፈልጊ።»

የዓለምወርቅ ፈለገች። እግዜር ያጽናሽ እያለ የሚገባው እየገባ፣ የሚወጣው እየወጣ፣ እርሷ ዐሥራ ዘጠኙን ዓመት እንደ ጓዳ ዕቃ አንድ በአንድ ታነሣና ታስቀምጥ ነበር። ሲያገባት ዜማ ጨርሶ አቋቋም ጀምሮ ነበር። «አቋቋሙን ልጨርስና ሰው ልሁን፣ ያን ጊዜ እንኖራለን» አላት። አቋቋሙ ሲያልቅ ቅኔ መጣ፤ ለቅኔ ሁለት ዓመት ጎጃም ተቀመጠ። ቅኔው ሲያልቅ ትርጓሜ መጣ። ጣሊያን ገብቶ ሰው ሁሉ ሲሸሽ፣ እርሱ በስልቻ መጻሕፍት ተሸክሞ ሸሸ። ጣሊያን ከወጣ እነሆ ዐሥር ዓመት ሆነው፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት አስተማሪ ሆነ፤ ቀን አማርኛ እያስተማረ፣ ማታ ከራሱ ደቀ መዛሙርት ከሚያንሱ ወጣቶች እንግሊዝኛና ሒሳብ ተማረ። «ሰው ልሁንና» የሚለው ቃሉ ግን አልተለወጠም።

ሲበላ መጽሐፉ ከመሶቡ ጎን ይቀመጣል። የዓለምወርቅ ታጎርሰዋለች፤ ዓይኑን ከመስመሩ ሳያነሣ አፉን ይከፍታል። አንድ ቀን ማጉረሷን ትታ ትመለከተው ጀመር። ገጹን ጨርሶ ገለበጠ፤ እጁን ታጠበ፤ «ተመስገን» ብሎ ተነሣ። እንዳልበላ አላወቀም።

በእልፍኙ ግድግዳ ላይ ሰዓቱን የከፋፈለበት ሰሌዳ ነበር። እርሷ ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ አንድ ምሽት በጣቷ እያመለከተች እርሷ የትኛው ላይ እንዳለች ጠየቀችው። ነገሩ ቀልድ አልመሰለውም። ብዙ አሰበና በሚቀጥለው ወር ሰሌዳ ላይ «እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ከየዓለምወርቅ ጋር መጫወት» ብሎ ጻፈ፤ አነበበላትም። እሑድ ደረሰ። ነጭ ልብሱን እንደ ለበሰ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ፤ እጆቹን በጉልበቶቹ ላይ አኖረ፤ የኔታውን እንደሚጠብቅ ተማሪ ዝም አለ። በመጨረሻም «ምን እንጫወት?» አላት። እርሷ ሳቀች፤ እርሱ ለምን እንደ ሳቀች ሊያውቅ ፈለገ። በሁለተኛው እሑድም መጣ። በሦስተኛው ፈተና ነበረበት።

ይህን ለትርንጎ ልትሰጣት አትችልም።

በአምስተኛው ቀን የአቋቋም ጓደኛው መሪጌታ ሐብተ ማርያም መጡ። ለእንዲህ ያለ ሊቅ ቅኔ እንጂ የሴት ሙሾ እንደማይገባው፣ ከተለቀሰለትም መባል ያለበት አንዲት ሰዓት ሳያባክን መኖሩ እንደሆነ ተናገሩ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ማሩ ግን ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ መለሰላቸው።

«አያ መሪጌታ፣ ከእኔ ቤት በሃያ ዓመት ሦስት ጊዜ መጣ። ሦስቱንም ጊዜ መጽሐፉን ከፍቶ ነው የተቀመጠው። አብሮኝ የነበረው መቼ መቼ እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።»

«ለሰው የሚበጅ ሰው ለመሆን ነበር፣ ማሩ።»

«ሆኖ ነበር እኮ» አለ ማሩ። «ማን ይንገረው።»

ሰው ሲሳሳ ማሩ ከወንዶቹ ረድፍ ተነሥቶ በየዓለምወርቅ አጠገብ ተቀመጠ። በምሬት የተናገረው የከበደው ይመስላል። ጋቢውን ወደ ትከሻው ገልጦ ግራ ክንዱን ዘረጋ፤ ክንዱ ከክርኑ በታች ወደ ውጭ የተጣመመ ነው። እርሷ ሁልጊዜ ከበሬ ጋር የተያያዘ አደጋ ይመስላት ነበር።

«ይችን የሰበራት እርሱ ነው» አላት። «በአንድ ጥጃ ተጣልተን። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ቁጣው ሲመጣ ዓይኑ አያይም ነበር፤ የአባታችንን ዱላ አንሥቶ እስኪደክመው ደበደበኝ። ከዚያ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም። በአራተኛው ቀን የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ መጣና፣ አያ፣ ይህን አውሬ ሳልገድል ወደ አገሬ አልመለስም አለኝ። ትምህርት የጀመረው እንዲህ ነው። እውቀት ሽቶ አልነበረም።»

የዓለምወርቅ ክንዱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሏ እጁን አላነሣባትም፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አድርጎ አያውቅም። በዚህ አንድም ቀን ተደንቃ አታውቅም፤ እንዲህ ሆኖ የተወለደ መስሏት ነበር። አንድ ጊዜ የመብራቱን ዘይት በመጽሐፉ ላይ ደፋችበት። ፊቱ ጠቆረ፤ ወጥቶ በቤቱ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ዞረ፤ ተመልሶም ገጾቹን ከእርሷ ጋር አንድ በአንድ በአመድ አደረቀ። ያን ዕለት ውጭ ምን ሲያደርግ እንደ ነበር አሁን ገባት። ሰውየው ከጠላቱ ጋር ጎራዴውን ሲያፋጭ ኖሯል። ጠላቱ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ እርሱ ግን ጎራዴውን ወደ አፎቱ መመለስ አልቻለም።

በስድስተኛው ቀን ሴቶች ልብሷን በከል ሊነክሩ ሣጥኗን ከፈቱ። ከሥር አንድ ጥልፍ ቀሚስ ወጣ፤ ከታጠፈበት መስመር በቀር እንከን የለበትም። አንዷ ይህ እንዳይነከር፣ ገና አዲስ ነው አለች። አዲስ አልነበረም፤ የዐሥራ አንድ ዓመት ነው። መምህሩ ትምህርቱን የሚጨርስ ቀን ልትለብሰው አስቀምጣው ነበር። «ንከሩት» አለች የዓለምወርቅ። ቀሚሱ ወደ ጥቁሩ ውኃ ሲገባ እያየች፣ እስከዚያ ሰዓት ያልደፈረችውን ነገር ለራሷ ተናገረች። እርሱ ሰው እስኪሆን ሲማር፣ እርሷም እርሱ ሰው እስኪሆን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። በሁለቱ መካከል የትኛው ይበልጥ እንዳባከነ የሚመዝን መሪጌታ የለም።

ያን ጊዜ ወንዙ ትዝ አላት።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ከማሩ ቤት ወደ ጎንደር ሲመለሱ ነበር። መጻሕፍቱን የያዘው ቦርሳ ከመንገደኞች በቅሎ ጋር ቀድሞ ተሻገረ። እነርሱ ሊከተሉ ሲሉ ደራሽ ውኃ መጣ። ቦርሳው ከወዲያ ማዶ፣ መምህሩ ከወዲህ ማዶ ቀሩ። በመጀመሪያ በወንዙ ዳር ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ። ከዚያ ተቀመጠ። አንድ የእርሻ ጠባቂ ከእሳቱ አንድ የተጠበሰ በቆሎ ሰጣቸው። መምህሩ በአውራ ጣቱ ረድፍ ረድፉን እየፈለፈለ በመዳፏ ላይ ያኖር ጀመር። «አንድ ላንቺ፣ አንድ ለኔ» ይላል። የኔታው ሲያንቀላፉ እንዴት እንደሚያዜሙ በአፍንጫው እያስመሰለ አሳያት፤ በልጅነቱ የሚያውቀውን የአራሽ ዘፈንም ዘፈነላት። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አታውቅም ነበር። መጨረሻ ላይ አንዲት ፍሬ ተረፈች። በጥርሱ ለሁለት ከፈላትና ግማሿን ሰጣት። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ውኃው ጎደለ፤ እርሱም ተነሣ።

እርሷስ ያን ቀን ምን ታደርግ ነበር? ግማሹን ቀን ወንዙ መቼ እንደሚጎድል፣ ማን እንደሚያሳድራቸው ስትጨነቅ ነው የዋለችው። ዘፈኑን እንኳ ሙሉውን አልሰማችም።

ሰባቱ ደረሰ። ግቢው ሞላ፤ ከአዘዞ የመጡም ነበሩ። ደቀ መዛሙርቱ በአንድ በኩል ቆመው ያለቅሳሉ፤ ለቅሷቸው የእውነት ነው። ትርንጎ ዜማውንና ቅኔውን፣ የፈረንጁንም ፊደል በየተራ አነሣች፤ ተቀባዮቹም በእኩል ድምፅ ተቀበሏት። ከዚያ ቆም አለችና ፊቷን ወደ የዓለምወርቅ አዞረች።

የወንዙ ቃል በምላሷ ላይ ነበር። ብትጥለው ትርንጎ ታሳምረዋለች፤ ሰውም ያለቅስበታል። ከለቅሶው ሲመለስ ግን በመንገድ ላይ መቁጠሩ አይቀርም፤ ከዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ይላል። በዚህ ሰው ላይ ከእንግዲህ ማንም እንዲስቅበት፣ እንዲያዝንለትም አልፈለገችም። ዓይኗ ከማሩ የተጣመመ ክንድ ላይ አረፈ።

«ቁጣውን የገደለ» አለች።

ትርንጎ ለአንድ አፍታ ዓይኗን ጨፈነች። በአርማጭሆ ለስንት አዳኝ አስለቅሳለች፤ ይህ ዓይነቱ ግዳይ ግን አልገጠማትም። ከዚያ ድምፅዋ ከደረቷ ወጣ።

«አንበሳ ገደለ ይሉታል ሌላውን፣
የእኔማ መምህር ገደለ ቁጣውን።»

ማሩ የተጣመመ ክንዱን በራሱ ላይ ጭኖ እንደ ሕፃን ጮኸ። መሪጌታ ሐብተ ማርያም በመቋሚያቸው ላይ ተደግፈው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሕዝቡ ግጥሙን ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ተቀበለ። የዓለምወርቅ አላለቀሰችም፤ ትርንጎ ቃሉን ከእርሷ ተቀብላ በደንብ ማሰሯን እንደሚመረምር ሰው አዳመጠች።

ለቅሶው ሲበርድ ሰዉ ተቀመጠ፤ ንፍሮ በሰፌድ ዞረ። አንዲት ጎረቤት ለየዓለምወርቅ አንድ እፍኝ በመዳፏ ላይ አኖረችላትና አልፋ ሄደች። ስንዴና ሽምብራ ነበር፤ ገና ይሞቃል። የዓለምወርቅ መዳፏን ጥቂት አየች። ከዚያ አንዲት ፍሬ አንሥታ በቀኝ በኩሏ፣ ማንም ባልተቀመጠበት ገለባ ላይ አኖረች። ሁለተኛዋን ወደ አፏ አደረገች። ሦስተኛዋን ከገለባው ላይ አኖረች። ግቢው ውስጥ ሰው ስለ መንገድና ስለ ዘንድሮው እህል ያወራል፤ እርሷ ሳትቸኩል፣ እያንዳንዷን ፍሬ እስክትውጥ እየጠበቀች፣ መዳፏን አራቆተች። መጨረሻ ላይ አንዲት ሽምብራ ተረፈች። በጥርሷ ለሁለት ከፈለቻትና ግማሿን ከገለባው ላይ አስቀመጠች።