የቀኙ ሳጥን ጭረት

ለረጅም መንገድ ለተሠሩ ትልልቅ ሞተር ሳይክሎች «ሶፋ» የሚል ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። አንዱ ወደ ጋራዣችን ሲገባ «ሶፋ መጣ፣ ትራሱን አቀብሉኝ» እላለሁ፤ ባልደረቦቼም ይስቃሉ። እኔን ደግሞ «ጥይት» ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ በውድድር ሞተሬ ስለምበር ነው። በስሙ እኮራ ነበር፤ ለዚህ ሁሉ ያበቃኝም እሱ ነው።

ደንበኛችን፣ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህር፣ ሶፋቸውን ያመጡት የፍሬን ሸራ ለማስቀየር ነው። ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። እሑድ እሑድ ባለቤታቸውን ከኋላ አስቀምጠው ከከተማ ይወጣሉ። ሴትዮዋ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ተደላድለው ሹራብ ይሠራሉ እያልን እንቀልድ ነበር።

«ነድተህ ሞክረህ ስጠኝ እንጂ ልጄ» አሉኝ ቁልፉን ሲያቀብሉኝ። «ካንተ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም።»

ሸራውን ቀይሬ ልሞክረው ወጣሁ። መጀመሪያ ግራ ተጋባሁ። የራሴን ሞተር የምነዳው ደረቴን የነዳጅ ጋኑ ላይ አስተኝቼ፣ ክብደቴን በእጄ አንጓ ተሸክሜ፣ እግሬን ወደ ኋላ አጥፌ ነው፤ ስወርድ ወገቤን ይዤ ነው። እዚህ ግን ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። እጄ መሪው ላይ እንዲሁ ዐረፈ፣ እግሬ ወደ ፊት ተዘርግቶ ሰፊ መርገጫ አገኘ። በጉልበቴ ቆንጥጬ የምይዘው ነገር ባጣ ጊዜ፣ ሰው ቤት ገብቼ የአባወራው ወንበር ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ከፊት ያለው መስታወት ንፋሱን ሁሉ ይመልሰዋል። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ደግሞ አናደደኝ።

እኔ ፍጥነቴን የማውቀው በንፋስ ነው። ደረቴን ሲመታኝ፣ ሄልሜቴን ሲነቀንቀው፣ ቆጣሪውን ሳላይ ስንት እንደደረስኩ አውቃለሁ። እዚያ መስታወት ኋላ ግን ንፋስ የለም። ከውሃ ማጠራቀሚያው በታች ያለው ኩርባ ላይ ስደርስ እየተንሸራሸርኩ ነበር የመሰለኝ፤ ቆጣሪው ዘጠና ይላል። እንደለመድኩት ወደ ግራ አጋደልኩት። የእኔ ሞተር ገና መተኛት በሚጀምርበት ቦታ የዚህኛው መርገጫ አስፋልቱን ፋቀና ቀና አደረገኝ። ያ ሁሉ ክብደት ወደ ቀኝ ይዞኝ ሄደ፤ ከኋላ በሁለት ጎኑ ከተገጠሙት የዕቃ ሳጥኖች የቀኙ የመንገዱን ዳር ብረት ሲጢጥ እያለ ታከከው።

አልወደቅኩም። ሳጥኑ ላይ ግን አንድ ስንዝር የሚያህል ጭረት ወጣ። ጋራዡ ጓሮ ወስጄ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩትና ጥቁር ቀለም ቀባሁት።

«ሶፋው እንዴት ነበር?» አለኝ አንዱ ባልደረባዬ።

«እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር» አልኩት። ሳቁ። ጥይት በሶፋ ኩርባ ሳተ ከሚባል ሞት ይሻለኛል ብዬ ነው። መምህሩ ሲመጡ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቁልፉን ሰጠኋቸው። «እጅህ ይባረክ» ብለውኝ ሄዱ።

ከወር ተኩል በኋላ ተመልሰው መጡ። ሞተሩን በሰው እርምጃ እየነዱ ገቡና አጥፍተውት ቁልፉን ዘረጉልኝ።

«ገዢ ፈልግልኝ።»

«ምን ሆነብዎት ጋሼ?»

«እሱ ምንም አልሆነም። የሆንኩት እኔ ነኝ።» ወደ ቀኙ ሳጥን ወሰዱኝ። ቀለሙ ለቆ ጭረቱ ፈጧል። «ከሦስት ሳምንት በፊት ሳጥበው ነው ያየሁት። የት እንደገጨሁ አላውቅም።»

አጎንብሼ ጭረቱን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት።

«ሰው ይገጫል፤ እሱ አይደለም የከፋኝ። አለማስታወሴ ነው። ደግሞ ቀለም ተቀብቷል። እንዲህ ያለ ቀለም ቤቴ አለ። ከባለቤቴ ልደብቅ ብዬ ቀብቼው፣ መደበቄንም ረስቼዋለሁ ማለት ነው። ታላቅ ወንድሜ እንዲህ ነው የጀመረው። መጨረሻ ላይ እኔንም ረሳኝ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን ባለቤቴ በየጠዋቱ የወንዝና የዋና ከተማ ስም ትጠይቀኛለች። አንድም አልሳትኩም። እሷ ግን ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች፤ የማልሰማ መስሏት።»

ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ለአፍታ ዝም ልል ነበር። ሞተሩ ይሸጣል፣ ነገሩም ይረሳል ብዬ አሰብኩ። ግን መርሳት የሚለው ቃል ራሱ ወንድማቸውን አስታወሰኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገጨሁት» አልኩ። «ፍሬኑን ስሞክር። ቀለሙንም የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ከኋላዬ የባልደረቦቼ መፍቻ ድምፅ ቆመ። መምህሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ደግ ልጅ ነህ» አሉ። «ልታጽናናኝ ነው።»

ለስድስት ሳምንት የፈራሁት መናገሩን ነበር፤ ተናግሬ እንደማልታመን አንድም ቀን አልታሰበኝም። ተንበርክኬ የግራውን መርገጫ ሆድ አሳየኋቸው፤ ተፍቆ ነጥቷል። አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህንንም የፋቅኩት እኔው ይሆናል» አሉ።

«እንግዲያው ቦታውን ላሳይዎት።»

ቁልፉን መልሰው ወሰዱት። «ከኋላ ውጣ።»

የባለቤታቸው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ኩርባው ላይ ስንደርስ ፍጥነታቸውን አስቀድመው ቀነሱና አለፉት፤ መታጠፋችን እንኳ አልተሰማኝም። እዚያ ወንበር ላይ በእርግጥም ሹራብ መሥራት ይቻላል። እጃቸው ምንም አልሆነም፤ ያን የማያምኑት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ብረቱ ላይ ጥቁር መስመር አሁንም አለ። መምህሩ ወርደው ከመሬት እስከ መስመሩ በስንዝራቸው ለኩ። ወደ ሞተሩ ተመልሰው ከመሬት እስከ ጭረቱ ለኩ። ደግመው ለኩ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ስልክ ደወሉ።

«እኔ አይደለሁም» አሉ። «የጋራዡ ልጅ ነው... አዎ፣ ራሱ ነገረኝ፤ ቦታውንም አየሁት። እኔ አይደለሁም።» ከስልኩ ውስጥ የሴት ልቅሶ ይሰማኛል። «ግድ የለም፣ አልቅሺ» አሏቸው።

ዘግተው ሲዞሩ ይቅርታ ልል አፌን ከፈትኩ። እጃቸውን አነሱ።

«ሦስት ሳምንት» አሉ። «በእግርህ ተመለስ።»

ሞተሩን አስነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሄልሜቴን በክንዴ አንጠልጥዬ በመንገዱ ዳር መመለስ ጀመርኩ። ሦስት ሳምንት ሃያ አንድ ጠዋት ነው። በእያንዳንዱ ጠዋት ባለቤታቸው ጓዳ ገብተው አልቅሰዋል፤ እኔ ደግሞ በእያንዳንዱ ጠዋት ጋራዥ ገብቼ አስቄያለሁ። እስክደርስ ድረስ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።