አርብ አርብ የሚሳል ቁስል

መምህሯ አባቷን መዋሸት የጀመረችው ሕክምናው በተጀመረ በአሥራ አንደኛው አርብ ነው።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን መሬት ሲቀይሱ የኖሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም የሰው ቤት ሲገቡ ወለሉን በዓይናቸው ሳይለኩ የማይቀመጡ ሰው ነበሩ። ስኳሩ ሃያ ዓመት አብሯቸው ኖሮ የእግራቸውን ስሜት ስለበላው፣ ጫማቸው ውስጥ የበቀለች ምስማር ቀኑን ሙሉ ስትወጋቸው አላወቁም። ካልሲያቸው ላይ ደሙን ያየችው ልጃቸው ናት። ቁስሉ ቢታጠብ ቢጠረግ፣ ቢታሸግ አልድን ብሎ ዓመት ሞላው።

በመጨረሻ የቁስል ሐኪሟ አዲስ ቅባት አዘዘች።

«በጤነኛ ሰው ቁስል ላይ ‹ሥጋ አብቅል› የሚል መልእክት የሚያደርሱ ንጥረ ነገሮች አሉ» አለቻቸው። «እርስዎ ጋ መልእክተኞቹ አልቀዋል። ቅባቱ የእነሱን ሥራ ይሠራል። ግን ተአምር አይጠብቁ፤ እግሩን ከረገጡበት ወይም ቁስሉ ካመረቀዘ ዋጋ የለውም።»

«መልእክቱ ሌላ ሰው ጋ እንዳይሄድ አድራሻዬን አስተካክለሽ ጻፊልኛ!» አሉ አባቷ፤ ሐኪሟ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ መምህሯ በየማለዳው ቅባቱን ከማቀዝቀዣ አውጥታ ስስ አድርጋ ትቀባለች፤ በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ ታለብሰዋለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጨርቁን አንስታ ቁስሉን ታጥባለች። አርብ አርብ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቁስሉ ላይ አድርጋ ዳርቻውን በቀጭን ማርከር ትስላለች። አባቷ ውስጥ እግራቸውን ማየት አይችሉም። ላስቲኩን ተቀብለው በካሬ ወረቀት ላይ ያነጥፉና፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እያንዳንዷን ካሬ ይቆጥራሉ። ስፋቱን ከነቀኑ ጽፈው፣ ሥዕሉን ፎቶ አንስተው በስልክ ለሐኪሟ ይልካሉ።

ዘጠኝ ካሬ ሴንቲ ሜትር የነበረው ስምንት፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አራት ሆነ።

«በሕይወቴ ድንበሬ ሲገፋ ደስ ያለኝ አሁን ብቻ ነው» ይሉ ነበር ለወንድማቸው በስልክ።

በአሥራ አንደኛው አርብ ግን መስመሩ ወደ ውጭ ሄደ። መምህሯ ደግማ ሳለችው። ያው ነው። አባቷ እርሳሳቸውን ቀርጸው ጨርሰው እጃቸውን ዘርግተዋል።

«አምጪው እንጂ! ዛሬ ስንት ተገፋሁ?»

«ቆይ አባዬ፣ ቀለሙ ተዝረከረከ።» ላስቲኩን ጨብጣ ኪሷ ከተተችና በሌላ ላስቲክ ላይ ከዳርቻው ወደ ውስጥ ገብታ ሳለች።

«ሦስት ተኩል!» ብለው እንደ ሕፃን አጨበጨቡ።

በሚቀጥለው አርብ መስመሩ ይመለሳል አለች ለራሷ። አልተመለሰም፤ ደግማ ዋሸች። በሦስተኛው ቁስሉ መሽተት ሲጀምር ጨርቁ ነው አለች። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያለች ተማሪዎቿን የምታስተምር ሴት፣ አፍንጫዋን ሸሸገች።

የወር ቀጠሮው ደረሰ። ሐኪሟ ቁስሉን ገልጣ ቀጭን ዘንግ ሰደደችበት። ዘንጓ ጠጣር ነገር ላይ ቆመች፤ አጥንት ነው፤ መግሉ እዚያ ደርሷል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው፤ ደማቸው ተመረዘ። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ።

ሐኪሟ መምህሯን ኮሪደር ላይ አገኘቻት። ስልኳ ላይ ሥዕሎቹን ከፍታለች።

«እነዚህን ማን ነው የሳለው?»

«እኔ ነኝ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ውሸት ናቸው።»

ሐኪሟ ስልኳን ኪሷ ከተተች።

«ያን ጊዜ ባመጣቸው እግራቸው ይተርፍ ነበር?»

«ምናልባት። ምናልባትም መግሉ ያኔውኑ አጥንት ውስጥ ገብቶ ነበር።»

«አንዱን ንገሪኝ!»

«ባውቀው እነግርሽ ነበር፤ እህቴ።»

አባቷ ለሚጠይቃቸው ሁሉ ቁጥሮቹን እያሳዩ «መድኃኒቱስ ጥሩ ነበር፤ የእኔ ዕድል ነው እንጂ» ይላሉ። መምህሯ ይህን ስምንት ቀን ሰማች። በዘጠነኛው አልቻለችም፤ አልጋቸው ጫፍ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ከየትኛው አርብ ጀምሮ?» አሉ።

ነገረቻቸው።

«ለምን?»

«ደስ ብሎህ ነበር፤ አባዬ።»

«ደስታዬን ጠብቂልኝ ያለሽ ማን ነው? እኔ እግሬን ነበር የሰጠሁሽ።»

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻላት ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ራት ስታመጣም አልዞሩም።

ቤት ከገቡ በኋላ የቀረውን እግራቸውን የምታይ ነርስ አስቀጠሩ። ነርሷ ስትመጣ በሩ ይዘጋል። መምህሯ የሞቀ ውሃ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ትቆማለች። «አባዬ፣ ሻይ ላፍላ?» ስትል «ይቅር፤ አመሰግናለሁ» ይሏታል። አባቷ አመስግነዋት አያውቁም ነበር።

አንድ ጠዋት ነርሷ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

«ከአውራ ጣታቸው ሥር ቆዳው ተሰንጥቋል» አለች ቀስ ብላ። «ትንሽ ነው። ለሐኪሟ ደውያለሁ።»

መምህሯ በሩን ገፋ አደረገችው። አባቷ እግራቸውን በብርድ ልብሱ ሸፈኑ።

«ልየው፤ አባዬ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ነርሷ አይታዋለች» አሉ። «ሂጂ፣ ሥራሽ ይረፍድብሻል።»

ሄደች። ክፍል ገብታ ጠመኔ አነሳች። ተማሪዎቹ ደብተራቸውን ገልጠው ጠበቋት፤ ፊቷን ወደ ሰሌዳው እንዳዞረች ቆየች፤ የምትጽፈው ጠፍቷት ሳይሆን፣ ከዞረች እንባዋን ያያሉና።