የበቅሎ ቀለብ

ጦይባን አፏ ብዙ ጊዜ አስቸግሯታል፤ እንደዚያን ቀን ግን አስቸግሯት አያውቅም። ኸሊል የፈታት ሰሞን ነው። ሸህ ሙሄ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው ሁለቱንም ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ «ልጅቱ ገበያ ለገበያ ትዙር፤ አንዱን ሳምንት ካባቷ፣ አንዱን ሳምንት ካንቺ። ቀለብም ይቆረጥላት» አሉ። ጦይባ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ፣

«ቀለብ የሚቆረጠው ለወታደርና ለበቅሎ ነው። የኔ ልጅ የትኛዋ ናት?» አለች።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ኸሊልም ሳቀ፤ እሱ መቼም ከኪሱ የማያስወጣው ነገር ሁሉ ያስቀዋል። ቀለቡም በሳቅ ቀረ። ቃሏ ከዚያ ደጃፍ ወጥቶ ሰቆጣን ዞረ። ሰልባጅ ከምትሸጥበት ሸራ ፊት የቆመ ሁሉ ልብሱን እያገላበጠ፣ «ጦይባ፣ በቅሎሽ ደኅና ናት?» ይላታል። እሷም ቀና፣ ኮራ ትላለች። ያን ጊዜ ሰልባጁ ይሸጥ ነበር።

ኋላ ገበያው ቀዘቀዘ። ከጋዝጊብላ የሚመጣ ገበሬ እጁ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚተወው ልብስ ነው። እቤቷ ሽሮው ቀጠነ፣ ዘይቱም በጠብታ ሆነ። የሚያጽናናት አንድ ነገር ነበር፦ ልጇ ያስሚን አታስቸግርም። ካባቷ ቤት መጥታ ትሪ ሲቀርብላት ቆንጠር ታደርግና «ጠግቤያለሁ፣ እማ» ትላለች። በማግስቱም ያው፤ በሳልስቱም ያው። «ልጄ ኩሩ ናት፤ እንደ እናቷ ሆዷ አይገዛትም» እያለች ጦይባ ለጎረቤት ታወራ ነበር። አይ እናት!

ዓሲያ የምትባለው የኸሊል አዲሷ ሚስት ክፉ ሴት አልነበረችም። ጦይባን የሚያበግናትም ይኸው ነው፤ ክፉ ብትሆን ይቀላት ነበር። አንድ የገበያ ቀን ልጅቱን ልታስረክብ መጣችና፣ ያስሚን ልብስ ክምር ላይ ስትንከባለል ጠብቃ ጠጋ አለች።

«እቴ ጦይባ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እንዳትቆጪኝ።»

«ከተቆጣሁ ቆይቻለሁ። ተናገሪ።»

«ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ እንደ ልጅ ነው የምትበላው። ወዳንቺ ልትመጣ ስትል ግን… ትናንት እስክታስመልስ በላች። ‹ምነው፣ አይበቃሽም?› ብላት፣ ‹ግመልም በረሃ ሊወርድ ሲል እንዲህ ነው› አለችኝ።»

ጦይባ ገባት። በረሃው የሷ ቤት ነበረ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ቀለብ ልጠይቅ ብትል፣ ኸሊል ምን እንደሚላት ታውቃለች፦ ማብላት ካልቻልሽ ጠቅልለሽ ስጪኝ። ካልጠየቀች ደግሞ ልጇ እየተራበች «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ሸራዋን ጠቅልላ ሸህ ሙሄ ዘንድ ሄደች።

ኸሊል ተጠርቶ መጣ፤ አልተቀመጠም።

«የምን ቀለብ ነው? ቀኑ እኩል ነው። በሳምንቴ እኔ አበላለሁ፤ በሳምንቷ እሷ ታብላ።»

ሸህ ሙሄ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ፣ «ቀኑስ እኩል ነው፤ ጓዳችሁ እኩል ነው ወይ?» አሉት።

«ካቃታት ልጄን ጠቅልላ ትስጠኛ! ደግሞ ያለችውን ረሱት እንዴ፣ ሸህ? ቀለብ ለበቅሎ ነው ብላ ስታስቀን?»

ጥግ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ፈገግ አለ። ጦይባ ምላሷ ላይ መልስ መጣላት፤ ኸሊልን ዳግመኛ ገበያ የማያስወጣ መልስ። ዋጠችው። እንደ ደረቅ ቂጣ እየፋቃት ወረደ።

«በቅሎዋ እኔ ነኝ» አለች። «ሸህ፣ እኔን በቅሎ ይበሉኝ። ልጄን ግን አይውሰዱብኝ፤ ቀለቧን ይቁረጡላት። ጠግቤያለሁ ስትለኝ አመንኳት። ወላሂ አመንኳት።»

አሁን የሳቀ የለም።

«ልጅቱ እንደ ወትሮዋ ትዙር» አሉ ሸህ ሙሄ። «ወደ እናቷ በምትሄድበት ሳምንት ግን ዱቄቷና ዘይቷ ካባቷ ቤት ይውጣ። የተሻለ ያለው ነው የሚጨምረው። ሆዷን ትተን ቀኗን ብቻ ብናካፍል ምን ፈረድን ይባላል?»

ኸሊል እሺ አለ። እሺታው ግን ጠማማ ነበር።

በቀጣዩ የያስሚን ተራ ጦይባ መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። ከኒሯቅ በመጡ ፍየሎች መሀል አንዲት ጎንበስ ያለች ልጅ ብቅ አለች። መጀመሪያ አላወቀቻትም። ጀርባዋ ላይ ዱቄት በገመድ ታስሯል፤ በእጇ ዘይት አንጠልጥላለች። ዓሲያ አብራት የለችም።

«አባ ነው ያሸከመኝ» አለች ያስሚን እያለከለከች። «‹ቀለብሽን ጭነሽ ሂጂ፤ እናትሽ ይገባታል› አለኝ።»

ጎረቤቷ ነጋዴ ንጋቱ እንደ ልማዱ፣ «ጦይባ፣ በቅሎሽ…» ብሎ ጀመረ። ልጅቱን አየ፤ ጦይባን አየ፤ ፊቱን ወደ ዕቃው አዞረ።

ጦይባ ገመዱን ፈታች። የልጅቱ ትከሻ ላይ ሰንበር ጥሏል። በመዳፏ አሸችላት።

«ከበደሽ?»

«አይ። እማ፣ ይኼ ካለ ካንቺም ቤት መብላት እችላለሁ አይደል?»

ሲመሽ ጦይባ ቂጣ ጋገረች፤ ዘይቱን ሳትሰስት አፈሰሰችበት። ያስሚን «ቢስሚላህ» ብላ ጀመረች፤ ጉንጯ እስኪነፋ፣ ጣቷን እስክትልስ በላች። ጦይባ የልጇን ትከሻ፣ ያን ሰንበር ታያለች። ቂጣ ቆርሳ አነሣች፤ መለሰችው።

«አንቺስ፣ እማ? ብዪ እንጂ።»

«ጠግቤያለሁ» አለች ጦይባ።

ያስሚን ማኘኳን አቆመች። ያቺን ቃል ከማንም ይበልጥ ታውቃታለች።